የተጠሪው ሳጥን

ሽፈራው ጭሮ ከተመደበ ስድስት ዓመቱ ነው። ከደብረ ታቦር ሲመጣ «ዓመት አልቆይም» ብሎ ሻንጣውን አልጋው ሥር ከተተ፤ ሻንጣው አሁንም እዚያው ነው። ከተማው ከምሳ በኋላ ለጫት በርጫ ሲሰበሰብ እሱ ቢሮው ውስጥ ቂጣውን በሻይ እያወራረደ ኮምፒውተሩ ላይ ያቀረቅራል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ጫት አይቅምም፣ ኦሮምኛው አልገራ አለው፣ እናቱ ካረፉ ወዲህ ደግሞ ደህና አደርክ ብሎ የሚደውልለት የለም።

ሥራው ለጤና ቢሮው የሕሙማን መመዝገቢያ አፕሊኬሽን ደንብ መጻፍ ነው። ባለሙያዎቹ «ስኪማ» ይሉታል፦ የትኛው ሳጥን ግዴታ እንደሚሞላ፣ የትኛው ባዶ ቢቀር ችግር እንደሌለው፣ የትኛው ቁጥር ብቻ እንደሚቀበል የሚደነግግ ፋይል። ደንቡ ካልተሟላ ማሽኑ ካርዱን አልመዘግብም ብሎ ድርቅ ይላል። ሽፈራውም ከማሽኑ አይተናነስም። «የተጠሪ ስልክ» የሚለውን ሳጥን ግዴታ አደረገው፤ አሥር አሃዝ፣ አንድም ሳይጎድል። ሰው ሆኖ ተጠሪ የሌለው ማን አለ ብሎ ነው። ራሱን ረስቶ!

ደንቡን ሲሞክር ግን የአንድ ሰው ስልክ ማስገባት ነበረበት። የማንን ያስገባ? የስልኩን ስም ዝርዝር ወጣ ወረደ፤ አለቃው፣ አከራዩ፣ አንድ የባጃጅ ነጂ። በመጨረሻ የራሱን ጻፈ፣ ከፋይሉ ማውጣቱንም ረሳ። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው አዲስ ካርድ በተከፈተ ቁጥር ሳጥኑ በሽፈራው ስልክ ተሞልቶ ይመጣል። ዘመድ ያለው ያስቀይረዋል። የሌለው እንዳለ ይተወዋል፤ መዝጋቢውም ማሽኑ እሺ እስካለ ድረስ ምን ገዶት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«የእማማ ሀሚዳ ተጠሪ ነዎት?»

«የማን?»

«የእማማ ሀሚዳ፣ ከመሰላ። ሙስሊማ እባላለሁ፣ እዚሁ ጭሮ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። የዓይን ሞራቸው ሊገፈፍ ነው፤ ዘመድ ካልፈረመ ግን ዶክተሩ አይነኳቸውም። ከሌላ ከተማ የመጡት ሐኪሞች ደግሞ ዛሬ ይመለሳሉ፤ ዳግም የሚመጡት ለከርሞ ነው።»

«ተሳስታችኋል» ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው ፋይሉ ትዝ አለው። ቁጥሩን ያላስቀየሩት እነማን እንደሆኑ ያኔ ገባው። «መጣሁ» አለና ባጃጅ ያዘ።

እማማ ሀሚዳ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዓይናቸው ወተት መስሏል። ሽፈራው አጠገባቸው ተቀምጦ እውነቱን ነገራቸው፤ ስህተቱ የእሱ መሆኑን፣ ቁጥሩ እንዴት እዚያ እንደገባ። ጨርሶ እስኪናገር ጠበቁት።

«እኔ ልጅ የለኝም፣ ባሌም ሞቷል» አሉ፣ ገበያ ባስተማራቸው አማርኛ። «ጸሐፊው ‹እዚህ ሰው አለሽ› አለኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ማነው ብዬ አልጠየቅሁም። ከጠየቅሁ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።»

ሽፈራው እስክሪብቶ አወጣ። ወረቀቱን ፈረመ። «ዝምድና» የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ፤ ኋላ «ልጅ» ብሎ ጻፈ። ውሸት ነው፤ እኔ ግን አልፈርድበትም።

«ላንተስ ማነው የሚፈርም?» አሉት፣ እጁን በዳበሳ ይዘው።

ሽፈራው ቀና ብሎ አያቸው።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ አለሁ። መጻፍ አላውቅም፤ ጣት ግን አለኝ።»

«ስልክ አለዎት፣ እማማ?»

ሳቁ። «ስልክ ከየት አምጥቼ? መሰላ ገበያው ጋ ሀሚዳ በል፤ ሁሉም ያሳይሃል።»

በማግስቱ ሙስሊማ ፋሻውን ስትፈታላቸው መጀመሪያ ያዩት የእሱን ፊት ነው። አተኩረው አዩትና «ከስተሃል» አሉት። እንዲህ የሚለው ሰው ካገኘ ስንት ዓመቱ! ቀትር ላይ በሚኒባስ አሳፈራቸውና ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ፋይሉን ከፈተ። ቁጥሩን ሲሰርዝ ስልኩ እንደ ድሮው ዝም እንደሚል ያውቃል፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆየ። ግን ሰረዘው። የስልኩን ሳጥን ግዴታነት አነሳ፤ የተጠሪ ስምና መንደር ይበቃል ብሎ ደነገገ። ሰው የሌለው ደግሞ «የለኝም» ማለት እንዲችል፣ ነርሷም ቀድማ አውቃ መላ እንድትፈልግለት አደረገ።

ከዚያ ለሙከራ አንድ ካርድ ከፈተ። ስም፦ ሽፈራው። ተጠሪ፦ ሀሚዳ። መንደር፦ መሰላ፣ ገበያው ጋ። ስልክ የሚለውን ባዶውን ተወው። ማሽኑ ትንሽ ቆየና ተቀበለው።

የሙከራ ካርድ ሁልጊዜ ይሰረዛል። ይህን ግን አልሰረዘውም።