ደብሬን አልለቅ ያላት ወባ

ጠዳ አካባቢ አዋላጅ ነርስ ሳለሁ ነው። የስድስት ወር ነፍሰ ጡሯ ደብሬ የወባ ክኒን በሰጠኋት በሳምንቱ እየተንቀጠቀጠች ተመለሰች። ደሟ ሲታይ ወባው እንዳለ ነው። መድኃኒቱን ተላምዶት እንዳይሆን ፈራሁ።

«ክኒኑን ጨረስሽው?»

«እኩሉን እኔ ዋጥሁ፤ እኩሉን ለእህቴ ሰጠኋት።»

ደነገጥሁ። «ምነው! ግማሽ መድኃኒት አንቺንም ጽንስሽንም አያድንም እኮ። እሷስ ለምን ራሷ አትመጣም?»

አንገቷን ደፋች። «ሲስተር፣ ቤት መጥተው ይዩልኝ» አለችኝ እያለቀሰች።

አዲስ ክኒን ይዤ ተከተልኋት። ያላገባችው ታናሽ እህቷ ጓዳ ውስጥ ሁለት ጋቢ ተደራርቦባት በትኩሳት ትቃዣለች።

«ደጅ ካየች አራት ወሯ ነው» አለች ደብሬ በሹክሹክታ።

ትኩሳቷ እንዲበርድላት ጋቢውን ገፈፍሁት። ሆዷ ከደብሬ ሆድ ይበልጣል።