የዮናስ ክኒንና ሰው ሠራሹ ሽፋን

ከደሴ የምወጣ ዕለት አመሻሹ ላይ ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ሻንጣዬን እያሰረልኝ ሳለ ጣለው። የሚጥል በሽታ ከልጅነቱ ጀምሮ አለበት። ሲነቃ አልሄድም ብዬ ልብሴን ሳወጣ አገኘኝ።

«ብትቀሪስ መጣሉን ይተወኛል? ይልቅ መልሰሽ ክተቺው» አለኝ።

መልሼ ከተትኩት፤ ሄድኩ። ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዲቪ ደርሶኝ በሄድኩበት ኦሮራ ከተማ የተከራየሁት የጋሽ ሀብቴን ቤዝመንት፣ ከቤታቸው ሥር ያለውን ምድር ቤት ነው። ጋሽ ሀብቴ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ዲቪ ያመጣኝ መምህርት መሆኔን ያውቃሉ። ሥራ ሳገኝ ልነግራቸው ወደ ላይ ወጣሁ።

«ላብ ነው የምሠራው» አልኳቸው።

«ላብማ ሁላችንም ጋ አለ። ሥራው ምንድን ነው?»

«ላብራቶሪ ማለቴ ነው። ለፕሮቲን ሽፋን እንሠራለን።»

«ለሚበላው?»

«አይ፣ ሰውነታችን ውስጥ ላለው።»

ትንሽ አሰቡ። «እቤት ይዘሽው አትመጪም አይደል? ኪራዩ እሱን አይጨምርም።»

እኔም ቢሆን በደንብ አልገባኝም ነበር። አገር ቤት ሳስተምር ሴል ማለት ሰሌዳ ላይ የምስለው ክብ ነው። እዚህ የምናጠናው ፕሮቲን የነርቭ ሴል ሽፋን ውስጥ ተሰክቶ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ከሽፋኑ ዝም ብሎ ከወጣ ይበላሻል። ስለዚህ እንደ ሳሙና ባለ ኬሚካል እናወጣውና ከቅባት በሠራነው ሽፋን ውስጥ እንከተዋለን። ፕሮቲኑ ላይ ከምንሞክራቸው መድኃኒቶች አንዱ ዮናስ የሚውጠው ሆኖ ተገኘ። ብልቃጡን አዙሬ አዙሬ አነበብኩት፤ ራሱ ነው።

መጀመሪያ ፕሮቲኑ ገና ሳሙናው ውስጥ እያለ ሞከርኩት። መድኃኒቱ ፕሮቲኑን አልያዘውም፣ አልተጣበቀበትም። ደገምኩት፣ አሁንም አልያዘውም። ለአለቃዬ ለካረን አሳየኋት።

«ሳሙናው ይሆናል። ሽፋን ውስጥ አድርገሽ እዪው» አለችኝ።

ሽፋኑ ውስጥ ያዘው። ያን ቀን አውቶብስ ላይ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ የሽፋኑን ቅባት ስንቀይር አያያዙ እንደገና ላላ።

«የትኛው ነው እውነቱ?» አልኳት።

«ምናልባት ሁሉም፤ ምናልባትም አንዱም» ብላኝ ስብሰባ ገባች።

ያልገባኝ እንግሊዝኛው ነው ወይስ ነገሩ እያልኩ ዋልኩ። አየሩም እንደዚያው ነው። ደሴ ጉም ከወረደ ወርዷል፤ እዚህ ጠዋት በረዶ ጠርጌ ከሰዓት ጃኬቴን በክንዴ ይዤ እመለሳለሁ።

እሑድ ዮናስ ደወለ።

«ከጣለኝ ከርሟል። ክኒኑ ረድቶኝ ነው ወይስ ሕመሙ ራሱ ትቶኝ? ሆዴን እየረበሸኝ ነው፤ ልተወው?»

«ሐኪምህ ሳይልህ እንዳትተወው።»

«ሐኪሙ የሚለውንማ አውቃለሁ። ያንቺን ነው የምጠይቅሽ። መድኃኒቱን አየሁት ብለሽኝ የለ?»

«አየሁት። አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ግን እኔ የማየው አንተ ውስጥ ያለውን አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታዪው?»

ከላይ የጋሽ ሀብቴ ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ዮኒዬ፣ ዛሬ ውጠሃል?»

«እሺ» አለ።

እውጣለሁ ማለቱ ይሁን ስልኩን ልዝጋው ማለቱ፣ ሳልጠይቀው ተዘጋ። መልሼ ስደውል አላነሳም።