መታከሚያው ወዲህ፣ መቀበሪያው ወዲያ

ጋሽ ፎርማ ሚስቱን ከመቃብር አውጥቶ ወሰን አሻገራት አሉ። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ የመቃብሩ ዘበኛ ምሳውን ሊበላ ዞር ባለበት። በሸራ ጠቅልሎ፣ በእጅ ጋሪ ጭኖ፣ ከላይኛው ወረዳ ወደ ታችኛው ወረዳ አወረዳት አሉ። ያየ ሰው አለ። ያየው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ሁሉም በአገጩ ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል።

አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ጠዋት የተወለደው ወሬ እስከ ቀትር እጅና እግር አወጣ። በሴትዮዋ ቦታ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ተቀብሯል ተባለ። ሲሚንቶው ዝናብ ነክቶት ስለጠነከረ ከእንግዲህ የሙታን ትንሣኤ ቢመጣ እንኳ የሚያነሳው የለም ተባለ። ጫማ ጠጋኙ ደግሞ ሻዩን እያማሰለ፣ "ጋሪው ሲያንገጫግጫት 'ቀስ በል አንተ ሰው!' ብላ ጮኻበታለች" ሲል ጨመረበት። ማንም "ሬሳ ይናገራል እንዴ?" አላለውም። ሟቿን የሚያውቅ ሁሉ፣ ሴትዮዋ ሞት ይዟት እንኳ ዝም የምትል እንዳልሆነች ያውቃል።

ረጋ ብሎ ላሰበው ግን ወሬው ብዙ ቀዳዳ ነበረው። የጋሽ ፎርማ ጋሪ ጎማ የለውም፤ ደጁ ላይ ተገልብጦ የዶሮ ማደሪያ ከሆነ ቆይቷል። ሰውየው ራሱ ዕድሜ ልኩን የሲሚንቶ ብናኝ ሲስብ የኖረ፣ ከበርጩማ ላይ ለመነሳት እንኳ ትንፋሹን የሚሰበስብ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ፣ ጋሪውን አየን ያሉት ሁሉ፣ ጋሪው ተጭኖ ሲሄድ የነበረው ወደ ላይ፣ ወደ መቃብሩ አቅጣጫ እንደነበር ይስማማሉ። ሚስቱን ሊያመጣ የሄደ ሰው ሲወጣ ምን ጭኖ ነበር? ይሄን የጠየቀ አልነበረም። ጥሩ ወሬ በጥያቄ አይበላሽም።

ጋሽ ፎርማ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ስሙን ያገኘው ከሥራ ዕቃው ነው። ከወፍራም ጣውላ የተመታ፣ በብሎን የሚገጥምና የሚፈታ፣ ሬሳ ሳጥን የሚመስል ፎርማ አለው። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር አቡክቶ ይሞላበታል፤ ሲደርቅ ብሎኑን ይፈታል፤ ሰው ወገብ የሚደርስ የኮንክሪት ድንጋይ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ድንጋዮቹ ሁሉ ለመቃብር ነበሩ። ሞት የማይቋረጥ ገበያ ነው፤ ደንበኛውም ዕቃው ተንጋደደ ብሎ ተመልሶ አይመጣም። ጋሽ ፎርማ በዚህ ተረጋግቶ ይኖር ነበር።

ከዚያ ክልሉ መከፋፈል ጀመረ።

በፊት ሰው በፈረስ ቀኑን ሙሉ ሄዶ ዳር የማይደርስባቸው ሰፋፊ ወረዳዎች ለሁለት ተቆረጡ። አስተዳደርን ለሕዝብ ለማቅረብ ነው ተባለ። የተቆረጡት እንደገና ተቆረጡ። ያልተቆረጠው ወረዳ "እኛስ ምን አጠፋን?" ብሎ አኮረፈና እሱም ተቆረጠለት። አስተዳደሩ ለሕዝቡ ከመቅረቡ የተነሳ በአንዱ ወረዳ ያስነጠሰ ሰው "ይማርህ" የሚባለው ከሌላው ወረዳ ሆነ። ዶሮ እዚህ ጭራ እዚያ እንቁላል ስትጥል ሁለት አስተዳዳሪ ይጣላሉ። እያንዳንዱ አዲስ ወረዳ አስተዳዳሪ፣ ምክትል፣ ማኅተም፣ ማኅተም ያዥ፣ ማኅተም ያዡ ሲታመም የሚተካ ሌላ ማኅተም ያዥ ይፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የወሰን ድንጋይ ይፈልጋል።

የወሰን ድንጋይ የሚወጣውም ከዚያው ፎርማ ነው። ለሞተ ሰው ሲሆን ስም ይጫርበታል፣ ለወረዳ ሲሆን አናቱ ላይ ቀይ ቀለበት ይቀባል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቀዩን የምትቀባው ሚስቱ ነበረች። ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ፣ ድንጋዩን ጭኗ ላይ እንዳለ ሕፃን እያዟዟረች ትቀባዋለች። ጥፍሮቿ ሥር ያለው ቀይ በሳሙና አይለቅም ነበር። "እኔ ካልቀባሁለት መንግሥት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በምን ያውቃል?" ትላለች። ግራጫ ቀለም አትወድም። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ግራጫ ነገር ሲሠራ ስለኖረ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ስትነዘንዘው ኖረች።

አልጋ ላይ ከዋለች በኋላም አልተወችውም።

"ያን አመድ የመሰለ ድንጋይህን ራስጌዬ ገትረህብኝ እንዳትሄድ። ቀይ አድርግበት።"

"ቀይ እኮ የወረዳ ነው፣ አንቺ።"

"እኔስ ከወረዳ አንሳለሁ?"

አታንስም ነበር። ስትሞት ፎርማውን ሞላ፤ ስሟን ከድንጋዩ ግርጌ በምስማር ጫረ፤ አናቱ ላይ በራሷ ብሩሽ ቀይ ቀለበት ቀባላት። ከጎኗ ለራሱ የሚሆን ቦታ በጠጠር ከበበ። "እዚህ ጋ እኔ ነኝ" ብሎ ለዘበኛው አሳየው። ዘበኛውም የአውቶቡስ ወንበር እንደተያዘለት ሰው "እሺ፣ ይዤልሃለሁ" አለው።

ዝናብ መጣ፣ ሣር በቀለ፣ ስሟን ሣር ዋጠው። ቀዩ ቀለበት ብቻ ከሣሩ በላይ ቀረ።

በዚህ መሀል የእነሱ ወረዳ ተራ ደረሰና የላይኛውና የታችኛው ተብሎ ለሁለት ይቆረጥ ተባለ። መስመሩ ከኮረብታው የውሃ ጋን ተነስቶ፣ በመቃብሩ አጠገብ ባለው ነባር የወሰን ድንጋይ በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። እውነተኛው ነባር ድንጋይ ግን ከብዙ ዘመን በፊት ተነቅሎ የአንድ ሰው የበር መርገጫ ሆኗል። ቀያሹ ከሩቅ የመጣ ወጣት ነበር። ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተከለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ በሣሩ መሀል ቀይ ቀለበት አየ። መስመሩን በእሱ ላይ አሳለፈው። ምክር ቤቱም በጭብጨባ አጸደቀው።

ለአዲሱ መስመር ድንጋይ እንዲያወጣ የታዘዘው ማን ይሆናል? ጋሽ ፎርማ ነዋ! ድንጋዮቹን አውጥቶ፣ የጭነት መኪና ላይ አስጭኖ፣ ከቀያሹ ጋር እየተከለ መቃብሩ ድረስ መጣ። ቀያሹ እጁን አወዛወዘ።

"እዚህ ጋ መትከል አያስፈልግም አባት፤ የቆመ አለ።"

ጋሽ ፎርማ አየ። ሳቁ መጣበት፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፤ ሳሉ እስኪተወው ድረስ ጉልበቱን ይዞ ቆመ።

"ልጄ፣ ይሄ የወሰን ድንጋይ አይደለም።"

"ቀይ አለው እኮ።"

"ሚስቴ ናት።"

ቀያሹ ድንጋዩን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እንደገና ድንጋዩን አየ። "ድንጋዩ?"

"ከሥሩ ነው ያለችው።"

ሣሩን በእጁ ከፍሎ ስሟን አሳየው። ቀያሹ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ዘግይቶ ነው እንጂ። "ጸድቋል እኮ ጋሼ" አለ በቀስታ። "ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ…"

"ማን ጠየቀኝ?"

መስመሩ በራስጌዋ አልፎ፣ እሷንም ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታም ወደ ላይኛው ወረዳ ጣላቸው። የጋሽ ፎርማ ቤት ታች ቀረ። በክፍፍሉ የታችኛው ወረዳ ጤና ጣቢያውን ሲወስድ የላይኛው መቃብሩን ወሰደ። ሁለቱም የየራሳቸውን ድርሻ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ ሕግ አወጡ። እናም የታችኛው ወረዳ ሰው ይታከማል እንጂ በነባሩ መቃብር አይቀበርም፤ የላይኛው ይቀበራል እንጂ አይታከምም። ለታችኞቹ ከድንጋይ መፍጫው ጀርባ አዲስ መቃብር ተሰጣቸው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስለሚፈጭ ሟች ቢያንቀላፋም እንቅልፍ አይወስደውም ይባላል።

ጋሽ ፎርማ ደጅ ጠና። የላይኛው ወረዳ ኃላፊ በትሕትና ተቀበለው።

"አባቴ፣ አቤቱታ የምንቀበለው ከነዋሪያችን ነው። እርስዎ የታች ነዎት።"

ታች ወረደ። የታችኛው ኃላፊም ትሑት ነበር። "መሬቱ እኮ የላይኞቹ ነው። በሰው መሬት ገብተን ምን እንበል?" አለው። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ፣ "ደግሞስ ገና ጠንካራ ነዎት። ለመሞት ምን አስቸኮለዎት?"

"አልቸኮልኩም። ቦታ እንዳይወሰድብኝ ነው።"

ድንጋዩ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ለዚህ ግን ሁለቱ ወረዳዎች መስማማት አለባቸው። ጉዳዩ በየቢሮው ሲነሳ ላይኞቹ "ታችኞቹ በሽማግሌ አሳብበው መሬት ሊወስዱ ነው" አሉ። ታችኞቹ ደግሞ "ላይኞቹ እንዲህ ከጮኹ የደበቁት ነገር አለ" ብለው ወሰኑ ላይ ዘበኛ አቆሙ። አንድ ሰው የሚጋደምበት መሬት ሁለት ወረዳ አፋጠጠ። የላይኛው ኃላፊ ጋሽ ፎርማን ሲሸኘው እንደ ቀልድ አንድ ነገር ጣል አደረገለት፦ "ነዋሪያችን ቢሆኑ እኮ፣ ማን ይከለክልዎታል?"

ያቺን ቃል ይዞ ቤቱ ገባ።

ልጁ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የቆመው እሱ ራሱ በገነባው ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ነው፤ ምሳውን የምታቀርብለት፣ ሲያስለው ጀርባውን የምትመታለት፣ በየወሩ ከጤና ጣቢያው ወደ አፉ የሚነፋውን መድኃኒት የምታመጣለት እሷ ናት።

"ላይኛው ወረዳ ክፍል ልከራይ ነው" አላት።

"መድኃኒትህስ አባዬ?"

"እዚያ ጤና ጣቢያ የለም።"

"እሱን አይደል የምልህ!"

"ሰማሁሽ እኮ። የለም እያልኩሽ ነው።"

የስፌት መኪናው ቆመ። "እና ቶሎ እንድትሞት ነው የምትሄደው?"

"ቶሎም ይሁን ቆይቼ፣ የት እንደምገባ ልወቅ።"

"ለሞተችው ብለህ ያለሁትን ትተወኛለህ?"

ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የወደቁትን የክር ቁርጥራጮች እየለቀመ መዳፉ ውስጥ አጠራቀማቸው። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጠችው።

"እማዬ ብትሰማህ ትስቅብህ ነበር" አለች።

"ትሳቅብኝ። አጠገቧ ሆኜ ትሳቅብኝ።"

ፍራሹን የጠቀለለችው እሷ ናት። እያለቀሰች ጠቅልላ፣ አሸዋ በሚሸፍንበት ሸራ ሸፍና፣ በሁለት ገመድ አሰረችው። ጋሪውን የመቃብሩ ዘበኛ አዋሰ፤ ወንበር የያዘለትን ተሳፋሪ ሊቀበል ደስ እያለው። ጋሽ ፎርማ ፎርማውን ይዞ አልሄደም፤ ዶሮዎቹ አጠገብ ጣለው። ታች የነበረውን መታወቂያ መለሰ፣ ላይ አዲስ ተሰጠው። ከወፍጮ ቤት ጀርባ፣ መስኮቷ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ክፍል ተከራየ። የሲሚንቶ ብናኝ ሲስብ የኖረው ሳንባ የዱቄት ብናኝ ተለማመደ።

ልጁ መድኃኒቱን በራሷ ስም ልታወጣለት ጤና ጣቢያው ሄዳ ነበር። ነርሷ ማዳመጫዋን ልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ አዳመጠች፤ "አንቺ እኮ አታስዪም" አለቻት። ልጅቷ የአባቷን ሳል አስመስላ ሳለች። ነርሷ እምቢ ስትል ራሷን ነቀነቀች፤ እሷም ብትሆን የሚጠይቃት አለቃ አላት።

ከዚህ በኋላ ጋሽ ፎርማ ከሰው በፊት እየከሳ፣ ከቀኑ በፊት እየመሸበት ሄደ። ጠዋት ጠዋት መቃብሩ ድረስ ይሄዳል። ሣሩን ከስሟ ላይ ይነቅላል፣ የራሱን ቦታ የከበቡትን ጠጠሮች ያስተካክላል፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ቀዩን ቀለበት ተደግፎ ይቀመጣል። ሁለት ወረዳ ተደግፏል ማለት ነው፤ አንዱም ግን አያውቀውም።

ልጁን ሊጠይቅ የወረደ ዕለት ሻይ ቤቷ ደጃፍ ላይ ትንፋሽ አጠረው። ባለ ሻይ ቤቷ ደግፋ አስገባችው፤ ሙቅ ውሃ ሰጠችው። ወሬው የተወለደበት ጠረጴዛ ላይ ነበር የተቀመጠው። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ጫማ ጠጋኙ ብቻ ምላሱ አላስቀምጥ አለው።

"ጋሽ ፎርማ፣ አትቆጣኝና፣ ያ የሚወራው ነገር… ሚስትህን በጋሪ አሻገርካት የሚባለው?"

ጋሽ ፎርማ ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሳሉ እስኪያልፍ ሁሉም ጠበቀው።

"ጋሪው የዘበኛው ነው" አለ። "በሸራ የተጠቀለለው ፍራሼ ነው። መቃብር አልቆፈርኩም። ሲሚንቶም አልቀበርኩም፤ ሲሚንቶ አይባክንም። እሷም አልተናገረችም፤ በተናገረች! ካስቀመጥኳት ቦታ ስንዝር አልተነቃነቀችም። ወሰን የተሻገርኩት እኔ ነኝ።"