የሦስት ከተማ ደብተር

ደብተሩ የሦስት መምህራን ነበር። አንዱ መቂ ያስተምራል፣ አንዷ ደራ፣ ሦስተኛዋ እኔ ናዝሬት። የተዋወቅነው የክረምት ኮርስ ላይ ነው። ኮርሱ ሲያልቅ የመቂው መምህር፣ ከሁላችንም ተጫዋቹ እሱ ነበር፣ “ያስተማርነውን እየጻፍን በአውቶቡስ ሹፌር እንላላክ” አለ። ሃያ ዓመት ያስተማረችው የደራዋ መምህርት ደግሞ አንድ ሕግ ጨመረች፦ “መጀመሪያ ያልተሳካላችሁን ጻፉ። የተሳካውንማ ለዳይሬክተራችሁ ታወሩታላችሁ።”

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመቴ ነበር። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ ስጽፍ ግን አይጠፋም። ሰማንያ ልጅ የታጨቀበት አራተኛ ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ ያነበብኩት መጽሐፍ አላዳነኝም። ማስተማር የተማርኩት ከዚያ ደብተር ነው።

አንድ ቀን ክፍልፋይ ላስተምር ሸንኮራ ገዝቼ ገባሁ። በማስመሪያ ለክቼ መሃሉ ላይ ቆረጥኩትና ሁለቱን ቁራጮች ከፍ አድርጌ፣ “ይሄም ግማሽ፣ ያም ግማሽ፤ እኩል ናቸው” አልኩ።

“ቲቸር፣ እኩል አይደሉም!” አለች አንዲት ልጅ ከኋላ። “ከሥሩ በኩል ያለው ይጣፍጣል።”

“ጫፉን ለእሱ ይስጡት፤ እሱ እንደሆነ ጥርስ የለውም!”

“አንተ ራስህ የለህም!”

ተንጫጩ፣ ተጎሻሸሙ፤ ደወሉ ተደወለ። ግማሽ ምን እንደሆነ የገባው ልጅ አልነበረም። እንዳለ ጻፍኩት። ደብተሩ ሲመለስ የመቂው መምህር፣ “ገመድ ውሰጂ። ገመድ አይጣፍጥም” ብሏል። የደራዋ ከሥሩ፣ “ልጅቷን ዝም እንዳታሰኚያት። በምንድን ነው እኩል፣ በርዝመት ነው በጣዕም በያት። ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው” ብላለች። እንዳሉኝ አደረግሁ። ያቺው ልጅ ተነሥታ ለክፍሉ አስረዳችልኝ። ይህንንም ጽፌ ላክሁ።

ደብተሩን ሹፌሩ ሁልጊዜ በእጄ ነበር የሚሰጠኝ። በሚቀጥለው ዙር ግን ቀበሌ ስብሰባ ይዞኝ ዘገየሁበትና ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ትቶት ሄደ። ዘበኛው ለዳይሬክተሩ ሰጡት።

“ምን ላድርግ ልጄ፣ የእጅ ጽሑፍ በር ላይ አይደር ተብለናል” አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም።

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። “ጓድ፣ በማን ፈቃድ ነው የምትጻጻፉት?”

“ስለ ክፍልፋይ ነው።”

“ስለ ምንም ይሁን።” ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። እንዲመልስልኝ ልጠይቀው ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ዛሬም በራሴ የምናደደው በዚያ ነው።

በወሩ የአካባቢው መምህራን እኛ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ዳይሬክተሩ ተነሥቶ “በኮሚቴያችን የተገኘ አዲስ ዘዴ” ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሸንኮራው ነበር፤ ከነቃሉ የእኔው ጽሑፍ። “እኩል ናቸው” እስከሚለው አነበበና እዚያ ላይ አቆመ። ከዚያም ከራሱ ጨምሮ ተማሪዎቹ በሚገባ ተረድተው አጨበጨቡ አለ። ጽሑፉ በስቴንስል ተባዝቶ ለየትምህርት ቤቱ ሊታደል ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው የመቂው መምህር ዞሮ፣ “ተናገሪ እንጂ!” አለኝ በሹክሹክታ።

ሪፖርት እየተነበበ ማንም አያቋርጥም። ተራ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ፣ ለሂስና ለግለ ሂስ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩን በሰው ሁሉ ፊት መሄስ አልደፈርኩም። የቀረልኝ ግለ ሂስ ነበር፤ እጄን አወጣሁ።

“የተነበበው ትምህርት የእኔ ነው” አልኩ። “አልተሳካም። ልጆቹ አላጨበጨቡም፤ ተጣሉ። የተሳካው በኋላ በገመድ ነው። እሱንም ያገኙት ሁለት መምህራን…”

“ጓድ፣ ስለ ስህተትሽ ብቻ” አለ ሰብሳቢው።

“ስህተቱ ልጅቷን አለመጠየቄ…”

“ይበቃል። ጓዷ ስህተቷን አምናለች። ይመዝገብ።”

አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ።

ስንወጣ የመቂው መምህር ክንዴን ያዘኝ። “እህቴ፣ የተሰረቀ ሰው ራሱን ሲከስ ዛሬ አየሁ!”

“ሌላ ተራ አልነበረኝም።”

“ሂስ ነበረልሽ እኮ!”

“ለአንተስ አልነበረልህም?”

አውቶቡሱ ሞልቶ ሊነሣ ስለነበር ሮጠ።

በማግስቱ ጠዋት የዳይሬክተሩን በር አንኳኳሁ። ደብተሩን ጠየቅሁት።

“ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዟል፤ ያመንሽው ስህተት ማስረጃው እሱ ነው” አለና የተባዛውን ወረቀት ገፋልኝ። “መቀበልሽን ፈርሚ።”

ፈረምኩ። ክፍልፋይ በሸንኮራ እንዳስተምር የሚያዘኝ ወረቀት ነበር።

ከዚያ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ደብተሩን ከጭንቅላቴ ልጽፈው ሞከርኩ። የራሴ ከሽፈው የቀሩ ትምህርቶች አንድ ሳይጎድል መጡልኝ። ማንበብ ስለሚያቅታቸው ልጆች የደራዋ መምህርት የጻፈችውን ረጅም ነገር ግን መጀመሪያውን ብቻ ነበር የማስታውሰው። አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ የቻልኩትን ያህል ገለበጥኩበትና የቀረውን እንዲሞሉልኝ ለመቂው መምህር ላክሁት።

ሹፌሩ በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ሳይገለጥ መለሰልኝ።

“በጣም ሰላም ብሎሻል” አለኝ። “ወረቀት ግን ከእንግዲህ አትላኪ፤ ነገሩ ተመዝግቧል፣ እኛንም ያስጠይቃል ብሏል። የደራዋም እንደዚያው ብላለች።”