የዘጋሁት ጥቁር መስኮት

ወንድሜ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ስለ እሱ ልጽፍ ስቀመጥ ደጋግሞ የሚመጣብኝ አንድ እሁድ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን መናገር እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውንም። ያን እሁድ ግን እንጃ። እሞክራለሁ።

ወንድሜ ኮምፒውተር የተማረ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሶዶ ውስጥ ፎቶኮፒ ቤት እሠራለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙሩን ግጥም ግድግዳ ላይ የማወጣው እኔ ነኝ። ከኋላ ኮምፒውተሩ ጋ እቀመጥና ኳየሩ አንዱን ስላይድ ሲጨርስ ቀጣዩን አወጣለሁ። ድሮ የኳየሩ መሪ በእጁ ምልክት ይሰጠኝ ነበር። ለዝማሬው እጁን ሲያነሣ ምልክት መስሎኝ ስላይዱን አሳልፈዋለሁ። ግማሹ ሰው ሁለተኛው ስላይድ ላይ፣ ግማሹ ሦስተኛው ላይ ይሆናል። አንድ ቀን መሪው ከእንግዲህ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የምዘምረው አለኝ።

ወንድሜ ይህን ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ሥራ ጀመረ። መሪው ከራሱ ስልክ ስላይዱን እንዲያሳልፍ ነው የፈለገው። ግን ግጥሙን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ የቆየ ፕሮግራም ነው። ስልኩ ላይ የሚከፈተው ደግሞ በጃቫስክሪፕት የሠራው ገጽ ነው፤ እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ በብራውዘር ይከፈታል። ያ ገጽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ሌላ ፕሮግራም ማዘዝ አይፈቀድለትም። ሁለቱ አይግባቡም። ስለዚህ በመካከላቸው የሚቆም ሦስተኛ ፕሮግራም ጻፈ። ሲነሣ ነጭ ጽሑፍ የሚወርድበት ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም።

ይሄ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኩት።

«የእሁዱን አስተርጓሚ አስብ» አለኝ። በእኛ ዘንድ ሰባኪው በአማርኛ ሲናገር አጠገቡ የቆመው በወላይትኛ ይተረጉማል። «አስተርጓሚው ከመድረክ ቢወርድ ሰባኪው ማውራቱን አይተውም። ሰውም ተነሥቶ አይሄድም። ግን የሚደርስ ነገር የለም። ስለዚህ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እንጂ እንዳትዘጋው።»

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በኋላ ታመመ። ኩላሊቱ ነው አሉን። ሆስፒታል በተኛ በሦስተኛው ሳምንት፣ በመጪው እሁድ ከአልጋዬ ሆኜ ግጥሙን እኔ ላውጣው አለ። እስከዚያ ገጹ የሚሠራው በቤተ ክርስቲያኑ ዋይፋይ ብቻ ነበር፤ በኢንተርኔት በኩል ከሩቅ እንዲገናኝ አድርጎ አሻሻለው። ቅዳሜ ሞከርነው። እኔ ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ እሱ አልጋው ላይ። ግድግዳው ላይ ያለው ግጥም ማንም ሳይነካው ተቀየረ። ደውዬ ከመሪው እጅ ትፈጥናለህ አልኩት። ይህን ሊነግረኝ የሚገባው መሪው እንጂ አንተ አይደለህም፣ ነገ ጠይቅልኝ አለ። ያኔ ገባኝ። ታሞ ተኝቶም የሚጠቅም ሰው መሆኑን ማየት ነበር የፈለገው።

እሁድ በእናታችን ስልክ ደወለልኝ። ዝማሬውን እንዲሰማ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ገጹን በራሱ ስልክ ከፍቷል። የመጀመሪያው መዝሙር ያለ አንድ ስህተት ሄደ። እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። ሥራ አልነበረኝም።

ሁለተኛው ሲጀመር የወንድሜን ስም ማየት አማረኝ። ማን እንደተገናኘ ጥቁሩ መስኮት ላይ ይጻፋል። ለማየት ብቻ ነካሁት። መስኮቱ ወደ ፊት ወጣና ግጥሙን ሸፍኖ ግድግዳውን ሞላው። ሰው ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አሉና ይሄ ቫይረስ ነው ወይ አሉኝ። አንሣው ልጄ፣ አንሣው አሉ። ደነገጥኩ። ጥጉ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ተጫንኳት። ጠፋ። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ስላይዱ አለቀ። ግድግዳው አልተቀየረም። መጀመሪያ የዘገየ መሰለኝ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። መስኮቱን እንደገና ማስነሣት እችል ነበር፤ አሳይቶኛል። ግን ዳግመኛ ግድግዳው ላይ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። እስከ መጨረሻው በእጄ አሳለፍኩት። ሰው ምንም አላወቀም፣ መዝሙሩን በቃሉ ይችለዋል። ስልኬን ግን አላነሣሁም።

እናታችን በኋላ ነገረችኝ። በስልኩ የከፈተው ገጽ «ተቋርጧል፣ እንደገና እየሞከረ ነው» ይለው ነበር። እሱም ይጫን ነበር። በእሷ ስልክ ደግሞ «ኢሻ፣ ኢሻ» እያለ ይጠራኝ ነበር። በቤታችን ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው። ዝማሬው ዋጠው።

ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ጠየቀኝ።

«መስኮቱ ክፍት ነበር?»

«አዎ» አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አሁንም አላውቅም። የማስቀይመው መስሎኝ ይሆናል። ወይም ይቆጣኛል ብዬ። ግን ተቆጥቶኝ አያውቅም። የኔትወርክ ችግር ይሆናል ብዬ ጨመርኩበት። ኔትወርክ ነበረ፣ ሌላ ገጽ ከፍቼ አይቻለሁ አለ።

«እንግዲያው ስህተቱ የኔ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ስህተቱን ሲፈልግ ከረመ። አንዱ እጁ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፣ በሌላው ይጽፋል። ነርሷ ላፕቶፑን ስትወስድበት በስልኩ ያነባል። ምናልባት መስመሩ ዝም ሲል ይዘጋ ይሆናል፣ ምናልባት ገጹ ቶሎ ተስፋ ይቆርጥ ይሆናል ይለኛል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሺ፣ እሺ እላለሁ። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ እሄዳለሁ። በየቀኑ ስገባ ያገኘው ነገር ይኖረዋል፤ ፊቱ በርቶ ይጠብቀኛል። ምንም እንዳላገኘ እያወቅኩ እሰማዋለሁ። ዓርብ ፍላሽ ሰጠኝ። እሁድ ኮምፒውተሩ ላይ ጫነው፣ አሁን ይሠራል አለ። ቅዳሜ ጠዋት አረፈ።

ፍላሹ በለቅሶው ሁሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከወር በኋላ ነው የጫንኩት። እንደ በፊቱ ሠራ፤ በፊትም ይሠራ ነበር። ከዚያ ሆን ብዬ ኤክሷን ተጫንኳት። አልተዘጋም። ትንሽ ሳጥን ወጣች፤ በአማርኛ ተጽፎባታል። «ልትዘጋው ነው? በወዲያ በኩል ሰው አለ።»

ረጅም ጊዜ አየኋት። ታዲያ ያውቅ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ደስ የሚል ነገር ነበር። አውቆ ዝም ብሎኛል፣ ይቅር ብሎኛል። ይህንኑ ይዤ ወደ እናቴ ሮጥኩ። ቦይና የምንለውን ጎደሬ እየላጠች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ ኤክሷን፣ ሽማግሌውን፣ አዎ ያልኩትን። ሳጥኗንም ነገርኳት። ያውቅ ነበር አይደል እማዬ አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«አላወቀም» አለች። «እስከ ዓርብ ማታ የቱ ጋ ነው ያበላሸሁት ይለኝ ነበር። ያቺንም ሳጥን የጻፋት የሚጽፈው ሲያልቅበት ነው።» ቢላዋዋን መልሳ አነሣችና፣ «ብትነግረው እኮ ይስቅብህ ነበር» አለች።

እውነቷን ነው። ሽማግሌው ቫይረስ ነው ወይ እንዳሉኝ ብነግረው፣ መርፌ የተሰካበትን እጁን በሌላው እጁ ይዞ እስኪደክመው ይስቅ ነበር።