ሙሾዬ ሥዕል የሆነ ጊዜ

ከገነተ ማርያም እስከ ኩልመስክ ሰው ሲሞት፣ ሙሾ አውርጂልን ብለው የሚልኩት ወደ እኔ ነበር። እግሬ ቤት አይቀመጥም። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ «እናቴን የሚያገኛት የሞተ ሰው ብቻ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሙሾ አውራጅ ለራሷ ሰው አታወርድም። ሐዘኑ የሷ ሲሆን ከሐዘንተኞቹ መሃል ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ታወርድላታለች፤ የሷ ሥራ ማልቀስ ብቻ ነው። ልጄ የሞተችው በክረምት ነው። እኔ ኩልመስክ የሰው ለቅሶ ላይ ነበርሁ። መርዶው ደርሶኝ ብነሣም ወንዙ ሞልቶ ሁለት ቀን ማዶ ቁጭ አልሁ። ስደርስ ተቀብራለች። ሴቶቹ ዳስ ውስጥ ተሰብስበው ጠበቁኝ፤ አንዷም አፏን አልከፈተች። ድምፀ መልካሟን ጎረቤቴን «አውርጂልኝ እንጂ» አልኋት።

«በአንቱ ፊት? ምን ብዬ?» አለችና አንገቷን ደፋች።

ሌሎቹም እንዲሁ። ያከበሩኝ መስሏቸው ነው። ልጄ ሙሾ ሳይወርድላት ቀረች፣ እኔም እንባዬ እደረቴ ላይ እንደቆመ ቀረ።

ልጇን አሳደግሁ። አሁን ከተማ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ትማራለች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ እሷው ናት። ባለፈው ዓመት ላፕቶፕ ይዛ መጣችና ዜማ የሚሣልበት ፕሮግራም አሳየችኝ። ድምፄን ሰምታ በመስመርና በቀለም ትሥለዋለች፤ ከፍ ስል መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ዝቅ ስል ይወርዳል፣ ስጮህ ይወፍራል። ደረት ሲመታ ክብ ክብ ነጥብ ነው። ከዚያ ሥዕሉ በስክሪኑ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። መሃል ላይ እንደ ክር ቀጥ ብላ የቆመች ቀይ መስመር አለች። ሥዕሉ እሷን ሲነካ፣ የሚጫወቱት ሰዎች የነካውን በድምፅ ያሰሙታል።

«ኖታ ያልተማረ ሰው ሁሉ እያየ ይጫወተዋል። አንቺም ታነቢዋለሽ እምዬ» አለችኝ።

እውነትም አነበብሁት። «እዚህ ላይ ትንፋሼን ውጫለሁ» ብዬ በጣቴ ሳሳያት ሣቀች። በዕድሜዬ ያነበብሁት ነገር ያ ብቻ ነው።

«ለእናቴ ሰባተኛ ዓመት እናድርገው» አለችኝ። «አንቺ ዛሬ ለኔ አውርጂው፣ እኔ ልሣለው። ያን ቀን ሴቶቹ ከሥዕሉ እያዩ ያወርዱታል። አንቺ ትቀመጫለሽ።»

ትቀመጫለሽ ስትለኝ አንጀቴ ራሰ። ጓሮ ወጥተን፣ ሰው ሳይሰማን፣ ለልጄ አወረድሁላት።

እንስራሽ ከጀርባሽ ገና ሳይወርድልሽ፣
እኔ ከወንዝ ማዶ፣ ማንስ ተቀበለሽ?

«ማንስ» ስል ድምፄ ተሰበረ። በሥዕሉ ላይ እዚያ ቦታ መስመሩ እንደ እሾህ አጥር ተንጨባሮ ወጣ። ጣቴን አሳረፍሁበትና «ልጄ እዚች ላይ ናት» አልኋት።

ቀኑ ደረሰ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ዝክሩን ቀምሰው ሄዱ። ከሻይ ቤት የተዋስነው ቴሌቪዥን ዳሱ ውስጥ ቆመ፣ ላፕቶፑ ተገናኘ። የልጅ ልጄ ከኮሌጅ ሁለት ተጫዋቾች አምጥታለች፣ አንዱ ባለ ማሲንቆ፣ አንዱ ባለ ዋሽንት። ለማውረድ የለመንኋቸው አራት ሴቶች ግጥሙን በቃላቸው አጥንተው ከፊት ተቀመጡ።

«ዘንድሮስ ቴሌቪዥን ለቅሶ ጠራን» አለች አንዷ።

«ዝም በይና ቀዩዋን ክር እያት» አለቻት ጎረቤቴ።

የመጀመሪያዋ ግጥም ደኅና ሄደች። ለቀስተኛው ተቀበለ፣ ደረቱን መታ። እኔም ተቀምጬ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በኋላ እንባዬ መምጣት ጀመረ። ሙሾ አውራጅ እዚህ ላይ የእናትየዋን ፊት ታያለች። በልቅሶ ከሰጠመች ዝም ትላለች፤ ቀና ካለች ሌላ ትጨምርላታለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ፊት ነው። ሥዕሉ ግን መጓዙን ቀጠለ። ሴቶቹም መኪና እንዳመለጠው ሰው እየተጣደፉ ተከተሉት፤ እኔን ለማየት ዓይን አልተረፋቸውም።

«ኧረ ቆይ በሉት» አለች ጎረቤቴ።

«አይቆምም እማማ፣ በሰዓቱ ነው የሚሄደው» አላት ባለ ማሲንቆው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ማንስ» የምትለዋን ጠበቅኋት። መጣች። መስመሩ እንደ ተፈተለ ክር ልስልስ ብሎ አለፈ። ሴቶቹም እንደታየው ልስልስ አድርገው አሉት።

«የተሰበረው የት ሄደ?» አልሁ ከተቀመጥሁበት።

የልጅ ልጄ ጆሮዬ ሥር መጣች። «ኮሌጅ ልምምድ ላይ ተጫዋቾቹ ሊከተሉት አልቻሉም፣ እምዬ። መምህሬም የተበላሸ መስሏቸው አቃኚው አሉኝ።»

ሴቶቹ ወደ እኔ ሲዞሩ መንገዱ ጠፋባቸውና ተዉት። ማሲንቆውና ዋሽንቱ ብቻቸውን ትንሽ ሄደው ቆሙ። ዳሱ የዛሬ ሰባት ዓመት እንደነበረው ዝም አለ፤ ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ልጄን ሁለተኛ ሙሾ ልከለክላት ነው?

«አጥፊው» አልኋትና ተነሣሁ።

ለገዛ ልጄ አወረድሁ። የልጅ ልጄ እኔ በተነሣሁበት ቦታ ተቀመጠች። እናቷ ስትሞት ገና ልጅ ናት ብለው ጎረቤት ወስደው ደብቀዋት ነበር፤ አላለቀሰችም። አሁን አለቀሰች። እኔ ፊቷን አየሁ። ስትንሰቀሰቅ ጠበቅኋት፣ ትንፋሽ ስታገኝ ጨመርሁላት። የኔ ዓይን ደረቀ። እንባ ያለበት ዓይን የሰው ፊት አያይም። ሲበቃ ሴቶቹ «አፍዎ ይባረክ፣ እንዲህ ያለም አልሰማን» አሉኝ። እሬት ሆነብኝ።

በማግስቱ የልጅ ልጄ ላፕቶፑን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እንዲጠብቅ አድርጌ እሠራዋለሁ። ሲጫኑት የሚያቆም ቁልፍ አለ።»

«ማን ነው የሚጫነው?»

«እኔ።»

«አንቺ እያለቀስሽ?»

ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙራ «የተሰበረው መስመር አልጠፋም፣ የመጀመሪያው አለኝ» አለችና ከፈተችልኝ። አለ፣ እንደ እሾህ አጥሩ። ጣቴን አሳረፍሁበት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ካሁን አሁን እንባዬ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። እጄ እላዩ ላይ እንዳለ ስክሪኑ በራሱ ጊዜ ጨለመ።