እህቴ ወይን እርሻ የሄደች ቀን

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ የመኪና መሪ እንጂ ብዕር አልለመድኩም። ፊደል ብገድፍም፣ ነገር ባንዛዛም እንደ ታናሽ ቆጥራችሁ እለፉኝ። ስለ እህቴ እኔ ካልጻፍኩ ሌላ የሚጽፍላት የለም።

በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ መተኮስ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት አለፋት፤ ቀኝ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ እንደ መሰላል ተደርድሯል። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በእሷ ላብ ነው። አሁን የዚያው ሆቴል እንግዶችን በሚኒባስ፣ ጠዋት ወደ ወይን እርሻው፣ ከሰዓት ወደ አሮጌው ከተማ አደርሳለሁ።

ስለ ወይኑ ማሳ፣ ስለ ወይን በርሜሎቹ፣ ስለ አሮጌው ከተማ የድንጋይ በር ስነግራት ምግቧን ትረሳለች። አንድ ቀን እወስድሻለሁ ማለት ልማዴ ሆነ። እሷም፣ አንተ እንኳን እኔን ራስህንም በጊዜ አታደርስ እያለች ትስቅብኛለች።

አምና አንድ እሁድ አንድ እንግዳ ቀረና ወንበር ተረፈ። የእረፍት ቀኗ ስለነበር ደወልኩላት። አዲስ ጫማ አድርጋ መጣች። መንገዱን ሙሉ ዓይኗ ከመስኮቱ አልተነቀለም።

ወይን መጥመቂያው ግቢ ስንደርስ፣ የቦታው አስጎብኚ ከወረቀት ላይ ስም እየጠራ እንግዶቹን ወደ ቅምሻው ጠረጴዛ ያስገባ ጀመር። እህቴ ጋ ሲደርስ ስም አጣላት። ወደ እኔ ዞሮ፣

«እኚህ ሴትዮ ከማን ጋር ናቸው?» አለኝ።

ዘመድ መጫን ክልክል ይሁን አይሁን ጠይቄ አላውቅም ነበር። በኋላ ሳጣራ ክልክል አልነበረም። ያኔ ግን እንግዶቹ ሁሉ እኔን ያዩኛል፣ እንጀራዬ የተቆረጠ መሰለኝ።

«መኪና የምታጸዳ ናት» አልኩ።

እህቴ አንዴ ብቻ አየችኝ። ከዚያ ከወንበሬ ስር ጨርቅ አወጣችና መስታወቱን መወልወል ጀመረች። እነሱ ወይን ሲቀምሱ፣ ከሰዓት ደግሞ በድንጋዩ በር ገብተው አሮጌውን ከተማ ሲዞሩ፣ እሷ በአዲስ ጫማዋ የእኔን መኪና ስትዞር ዋለች። ተዪው ብዬ ለመንኳት።

«ሰው ያያል፤ ውሸታም እንዳትባል» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልላት መንገዱን ሙሉ አሰብኩ፤ ሰው አለ ብዬ ዝም አልኩ። ቤቷ በር ላይ ሳወርዳት ሰው አልነበረም፤ ያኔም ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ወደ መተኮሻው ክፍል ወረድኩ። ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንሶላ ያጣጥፋሉ። እህቴን በእጄ እያሳየሁ፣ «ይቺ እህቴ ናት» አልኩ። ተያዩና ሳቁ። አንዷ፣ «አዲስ ወሬ ያመጣህ መስሎህ ነው? ወንድሜ ሹፌር ነው እያለች ጆሯችንን አደነቆረችው እኮ» አለችኝ።

እህቴ ከካውያው ቀና አላለችም። እንግዶችህ ይጠብቁሃል፣ ሂድ አለችኝ። ደረጃውን ወጣሁና መኪናዬን አስነሳሁ።